የቀጠሮ ዕዳ፤ በኢንተርኔት ስለሚያዝ የሆስፒታል ተራና ስለ ላስታ በሽተኛ እርካታ

ነጋዴ የሚኖረው በቃሉ ነው። ዕቃ በዱቤ የወሰደ ሰው የሚከፍልበትን ቀን በተናገረ ጊዜ፥ ያ ቀን እንደ ገንዘብ ይቈጠራል፤ ቀኑ ደርሶ ሳይከፍል የቀረ እንደ ሆነም የሚጐድለው ሒሳቡ ብቻ ሳይሆን እምነቱም ጭምር ነው። የሆስፒታል ቀጠሮም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሆስፒታሉ ለበሽተኛው «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ና፤ ሐኪም ያይሃል» ብሎ ሲጽፍለት የዕዳ ሰነድ ፈርሞ ሰጥቶታል ማለት ነው። በሽተኛው ያን ሰነድ ይዞ ሥራውን ትቶ፥ ስንቁን ቋጥሮ፥ የመኪና ዋጋ ከፍሎ ይመጣል። ደርሶ «ሐኪሙ የለም፤ በሚመጣው ሳምንት ተመለስ» ከተባለ ግን ዕዳው ሳይከፈለው ቀረ። ስለዚህ የቀጠሮን ነገር የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ አድርገን ልንተወው አይገባም፤ የንግድና የእርሻ ሥራ ሁሉ የሚነካበት ጉዳይ ነውና በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ወደድን።

እንደሚታወቀው አገራችን ልዩ ልዩ የመንግሥት አገልግሎቶችን ወደ ኢንተርኔት ለማዛወር ቈርጣ ከተነሣች ዓመታት ሆኗል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ዕቅድ በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ፓስፖርት የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን በኢንተርኔት ያቀርባል፤ ቀጠሮውንም በዚያው ይይዛል። በአዲስ አበባም የወረቀት ካርድ ትተው የበሽተኛውን መዝገብ በኮምፒዩተር መያዝ የጀመሩ ሆስፒታሎች አሉ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በሽተኛው ከቤቱ ሆኖ የሐኪም ተራ እንዲይዝ ማድረግ መሆኑ አያጠራጥርም። እኛም አሠራሩን በደስታ የምንቀበለው ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም፥ ይህ አሠራር ማንን ያረካል? ስልኩን በእጁ ይዞ ከተማ መካከል የተቀመጠውን ሰው ነው ወይስ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የሚነሣውን ገበሬ? መልሱ ሁለቱንም ካላቀፈ ሥራው በግማሽ ቀርቷል ማለት ነው።

የላስታን ምድር ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከከተማዪቱ በላይ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከአንድ አለት የተፈለፈሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ገቡ የከተማዪቱ ስም በዓለም ሁሉ ይታወቃል። ሆኖም ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳ በአውሮፕላን መጥቶ ሹምሽሃ ሜዳ ላይ ሲወርድ፥ የአገሩ ሰው ግን ገደልና ሸለቆ እየቈረጠ በእግሩ ይሄዳል። ከላሊበላ እስከ ጋሸና ስልሳ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጋሸና ደግሞ በተለምዶ የቻይና መንገድ በተባለው ጐዳና ወደ ወልድያ ለመድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ይታለፋል። በላሊበላ ሆስፒታል የማይገኝ ሕክምና የታዘዘለት በሽተኛ ወልድያ ይላካል፤ በዚያም ካልተገኘ ወደ ደሴ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር ይቀጥላል።

አሁን አንድ ቀጠሮ ለእንደዚህ ያለ ሰው ስንት እንደሚያስወጣው እንቍጠር። ከቢልባላ ወይም ከገነተ ማርያም ወገን የሚመጣ ገበሬ በብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ የሚደግፈው አስታማሚ ያስፈልገዋል። የጸናበት ከሆነም በወሳንሳ የሚሸከሙት ጐረቤቶች ሥራ ፈትተው አብረው ይወጣሉ። ለመኪናው፥ ለባጃጁ፥ ለምግቡና ለማደሪያው ይከፈላል። ይህን ሁሉ ለመሸፈን በግ የሸጠ ወይም የተበደረ ሰው ጥቂት አይደለም። በሰኔ ወር የዘር ቀን፥ በኅዳር ወር የአጨዳ ቀን ቢያልፈው ደግሞ ያ ቀን ተመልሶ አይገኝም። የከተማ ሰው ቀጠሮው ቢሰረዝበት ግማሽ ቀን ይከስራል፤ የገጠሩ ሰው ግን የወሩን ገቢ ሊከስር ይችላል። ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ ጐን ለጐን ተቀምጠው ቢታዩም የከፈሉት ዋጋ ግን እጅግ የተለያየ ነው።

የቀጠሮ አያያዝ ደኅና በሆነ ጊዜ የሚያስገኘውን ጥቅም በቍጥር ማሳየት ይቻላል። በአንድ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ውስጥ አንድ ሐኪም በሰዓት ስምንት በሽተኞችን ያያል እንበል። ለሠላሳ ሁለት ሰዎች ሁሉ «ከጧቱ በ2 ሰዓት ኑ» ተብሎ ቢነገራቸው፥ የመጀመሪያው ወዲያው ይገባል፤ የመጨረሻው ግን ስድስት ሰዓት እስኪቃረብ ድረስ ይቀመጣል። የሁሉም የመጠበቂያ ጊዜ ቢደመር 62 ሰዓት ይሆናል። እነዚሁ ሠላሳ ሁለት ሰዎች ስምንት ስምንት ሆነው በ2፥ በ3፥ በ4 እና በ5 ሰዓት እንዲመጡ ቢደረግ ግን ድምሩ ወደ 14 ሰዓት ይወርዳል። ሐኪም ሳይጨመር፥ ቤት ሳይሠራ፥ በአንድ ጧት 48 የሰው ሰዓት ተረፈ፤ ይህም የስድስት ሠራተኞች ሙሉ የቀን ሥራ ማለት ነው። አስታማሚዎቹ ሲቈጠሩ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። በመጋዘኑ ውስጥ በየቀኑ ይህን ያህል ሀብት ሲባክን አይቶ ዝም የሚል ነጋዴ ያለ አይመስለንም።

በውጭ አገር የተደረጉት ምርመራዎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። ቀጠሮ በኢንተርኔት የሚያዝባቸውን ሆስፒታሎች የመረመሩ ሊቃውንት በቀጠሮው ቀን የሚቀረው ሰው ቍጥር እንደሚቀንስ፥ የመጠበቂያው ጊዜ እንደሚያጥርና የበሽተኞች እርካታ እንደሚጨምር በብዙ ቦታ አይተዋል። ቀጠሮን በአጭር የስልክ መልእክት ማስታወስ ደግሞ ብዙ በሽተኞች በቀናቸው እንዲገኙ የሚያደርግ መሆኑ ተደጋግሞ ተመስክሯል። በክልላችንም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድኃኒት በተከታታይ የሚወስዱ በሽተኞች ተጠይቀው፥ አብዛኞቹ በስልክ መልእክት ማስታወሻ ቢላክላቸው ፈቃደኞች መሆናቸውን ገልጸዋል። እንግዲህ አሠራሩ ለእኛ አገር አይሆንም የሚል ክርክር ቦታ የለውም።

ነገር ግን መልካም ዕቃ ሁሉ አያያዝ ይፈልጋል። ከአያያዝ ጉድለት የሚመጡ ሦስት አደጋዎች ይታዩናል።

አንደኛው አደጋ ተራው ለፈጣን ጣት ብቻ መዋሉ ነው። ሕንድ የሆስፒታል ተራ በኢንተርኔት እንዲያዝ እ.ኤ.አ. በ2015 አገር አቀፍ አሠራር ዘርግታ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ለኮሮና ክትባት ከ18 እስከ 44 ዓመት ያሉት ሁሉ በኢንተርኔት ብቻ እንዲመዘገቡ ባዘዘች ጊዜ፥ በየመንደሩ ለሚኖረው ሕዝብ የተመደበውን ክትባት ከተማ ያሉ ስልከኞች እየቀደሙ ወሰዱት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ነገሩን ነቀፈ፤ መንግሥቱም ወር ሳይሞላ ሰው በአካል ቀርቦ እንዲመዘገብ ፈቀደ። በቻይናዪቱ ዋና ከተማ በቤጂንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የ300 ዩአን የሐኪም ተራ በደላሎች እጅ 4,500 ዩአን መጠየቁን አንዲት ወጣት በሆስፒታሉ አዳራሽ ቆማ በምሬት ስትናገር የተቀረጸው ፊልም አገሩን ሁሉ አነጋግሮ ነበር። ተራ በማይታይ እጅ በሚያዝበት ቦታ ደላላ አይጠፋም። ገበያን የምናውቅ እኛ ይህን ከማንም በፊት ልንገምተው ይገባል፤ አቅርቦቱ ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ በሆነበት ስፍራ ዋጋው በመስኮት ካልወጣ በጓሮ መውጣቱ አይቀርም።

ሁለተኛው አደጋ የመብራትና የመስመር መቋረጥ ነው። በላሊበላ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማዪቱ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፥ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ድርጅቶች ተዘርፈዋል፤ ተሰባብረዋል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ከተማዪቱ ያለ መብራት ብዙ ወራት ቈይታለች። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ቀጠሮው ሁሉ በኢንተርኔት ብቻ ተይዞ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ወራት ሆስፒታሉ የሚያክመውን ሰው ስም እንኳ ማወቅ ባልቻለ ነበር። ስለዚህ ለላስታ የሚታሰብ ማናቸውም አሠራር መስመሩ በሚቋረጥበት ቀን እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚናገር መሆን አለበት። ለደኅና ቀን ብቻ የተሠራ መርከብ ማዕበል በበዛበት ባሕር አይጫንበትም።

ሦስተኛው አደጋ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሰው የሚያሰናክል ነው፤ ይኸውም የቀንና የሰዓት አቈጣጠር ነው። ከውጭ አገር የመጣ የኮምፒዩተር አሠራር ሳይታረም ሥራ ላይ ሲውል ቀጠሮውን በአውሮፓ ወርና በአውሮፓ ሰዓት ይጽፋል። «8:30» የሚል መልእክት የደረሰው የላስታ ገበሬ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል መሆኑን ተረድቶ ቢመጣ፥ የጧቱ ተራ ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል፤ በመዝገቡም «ቀርቷል» ተብሎ ይጻፍበታል። ጥፋቱ የማን ነው? የአገሩ ሰው ቀን የሚቈጥረው በበዓላቱ ነው፤ አሥራ ሁለትን ሚካኤል፥ አሥራ ዘጠኝን ገብርኤል፥ ሃያ አንድን ማርያም፥ ሃያ ሦስትን ጊዮርጊስ ብሎ ያውቃል። «ለኅዳር ሚካኤል ማግስት፥ ከጧቱ በአራት ሰዓት» የተባለ ሰው ቀኑን አይስትም። ይህን ወደ ኮምፒዩተሩ ማስገባት ለባለሙያ የአንድ ሳምንት ሥራ አይሆንም፤ ለበሽተኛው ግን የመዳንና ያለመዳን ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ እርካታ አለካክ ልንናገር ይገባናል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ሆስፒታሎች የበሽተኞቻቸውን እርካታ በየጊዜው እየመረመሩ እንዲያስታውቁ፥ በሽተኛን የሚቀበልና የሚያስተላልፍ የሊያዞን አገልግሎትም እንዲያደራጁ አዝዟል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ የእኛን አገር ሰው ጠባይ የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ይገነዘባል። በሆስፒታሉ ደጅ ላይ አንዱን ሽማግሌ «አባቴ፥ በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት፥ የሽማግሌው መልስ «ተመስገን ልጄ፥ እግዜር ይስጣችሁ» ነው። ይህ መልስ የትሕትና ነው እንጂ የእርካታ አይደለም። ዛሬ ያከመው ሐኪም ነገም የሚያክመው ስለ ሆነ ቅሬታውን በዚያ ደጅ ላይ አይናገርም። ቅሬታውን የሚናገረው በመንገድ ላይ፥ በጐረቤት ቡና ላይ፥ በገበያ መካከል ነው። ከዚህም በላይ በደጁ ላይ የሚጠየቀው የመጣው ሰው ብቻ ነው፤ ተስፋ ቈርጦ የቀረውን ማንም አይጠይቀውም። በኢንተርኔት የሚሰበሰብ የእርካታ አስተያየት ከሆነማ የሚናገርልን ቀጠሮውን በኢንተርኔት መያዝ የቻለው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም የረካ ነው።

ስለዚህ «ረክተዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በሚቈጠሩ ጥያቄዎች ቢተካ እንመርጣለን። ከቤትዎ በስንት ሰዓት ተነሡ? ሆስፒታል በስንት ሰዓት ደረሱ? ሐኪም በስንት ሰዓት አየዎት? የታዘዘልዎን መድኃኒት እዚሁ አገኙ? ለመምጣትና ለማደር ስንት ብር አወጡ? በዚህ ወር ለዚሁ በሽታ ስንተኛ ጊዜዎ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ትሕትና መልሱን አይለውጠውም፤ ሽማግሌውም ማንንም ሳያስቀይም እውነቱን ይናገራል። በቀጠሮው ቀን የቀሩትንም በስልክ ወይም በቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል «ለምን ቀሩ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከረኩት ሰዎች መልስ ይልቅ የቀሩት ሰዎች መልስ ለሆስፒታሉ ሹማምንት የበለጠ ትምህርት ይሰጣል።

እንግዲህ ለላስታ የሚስማማው አሠራር ምን ይሁን? አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፥ ተራው በኢንተርኔት ቢመዘገብም ወደ መዝገቡ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ አይሁን። ስልክ ያለው በራሱ ይመዝገብ፤ የሌለው በቀበሌው ጤና ኬላ በኩል ይመዝገብ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤቱን ሰው በስም ያውቃሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከወሎ ተሁለደሬ ወረዳ አንዱ ነበር፤ ዛሬም የመድኅኑ ሥርዓት አባሉ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት እንዲሄድ ያዝዛል። እንግዲያው ሪፈሩን የሚጽፈው ጤና ጣቢያ በዚያው ሰዓት የሆስፒታሉን ተራ አብሮ ቢይዝለት፥ በሽተኛው ወረቀት ይዞ ሄዶ «ሌላ ቀን ና» ከመባል ይድናል። የሪፈር ወረቀትና የቀጠሮ ቀን ተለያይተው መሄዳቸው ራሱ የችግሩ ግማሽ ነው።

በሁለተኛ፥ የቀኑ ተራ ሁሉ በአስቀድሞ ምዝገባ አይሞላ። ሳይመዘገብ ከሩቅ ለመጣ ሰው፥ ይልቁንም ሕፃን ላዘለች እናት፥ የተወሰነ ስፍራ በየቀኑ ክፍት ሆኖ ይቈይ። ድንገተኛና ወላድ ከተራ ውጭ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በድንገተኛና በቀጠሮ መካከል የሚገኘው ብዙ ሰው እንዳይረሳ ያስፈልጋል።

በሦስተኛ፥ ሰዓቱ በርቀት ይከፋፈል። የጧቱ የመጀመሪያ ተራ ለከተማው ነዋሪ፥ የአራትና የአምስት ሰዓቱ ተራ ከሩቅ ለሚነሣው ቢሰጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ለተመላላሽ ሕክምና የሚመጣ የሩቅ ገበሬ ዓርብ ቢቀጠር ሕክምናውን ዓርብ ጨርሶ፥ ቅዳሜ ገበያውን ገብይቶ ይመለሳል፤ በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ፈጸመ ማለት ነው። የልደት በዓል በሚቃረብበት ሳምንት ደግሞ ምዕመናን ከየአገሩ ስለሚጐርፉ መኪናውም ማደሪያውም ይወደዳል፤ በዚያ ሳምንት ሊዘገይ የሚችል ቀጠሮ ባይሰጥ ሆስፒታሉም ለእንግዳው በሽተኛ ዝግጁ ይሆናል፤ የገጠሩም ሰው ከተወደደ መንገድ ይድናል።

በአራተኛ፥ ማስታወሻው በድምፅ ይሁን። ርካሽ ስልክ ሁሉ የግእዝን ፊደል አያሳይም፤ ስልክ የያዘ ሁሉም ማንበብ አይችልም። በአማርኛ፥ ከዋግ ወገን ለሚመጡትም በኽምጣና የተቀረጸ አጭር ቃል «ቀጠሮዎ ነገ ከጧቱ በአራት ሰዓት ነው፤ ካልተመቸዎ ይህን ቍጥር ይጫኑ» ቢል ለሁሉም ይገባዋል። ሐኪሙ የማይኖር ከሆነም ይኸው ስልክ በሽተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ይንገረው። ቀጠሮውን የሚሰርዝ ወገን አስቀድሞ የማስታወቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ ደንብ በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉንም ሊያስር ይገባዋል።

በአምስተኛ፥ የወረቀቱ መዝገብ አይጣል። በየምሽቱ የነገው ስም ዝርዝር ታትሞ ወይም በእጅ ተገልብጦ በካርድ ክፍል ይቀመጥ። መስመር ቢቋረጥ ሥራው አይቋረጥም። ከዚህም በቀር በዝርዝሩ ላይ የስንቱ ቀጠሮ እንደ ተፈጸመና ስንቱ እንደ ተሰረዘ፥ የማንንም ስም ሳይጠራ፥ በየወሩ በሆስፒታሉ ደጅ ይለጠፍ። በሽተኛው ዕዳው መከፈሉን የሚያይበት ሰሌዳ ይህ ነው፤ ደላላውም የሚያፍርበት ሰሌዳ ይህ ነው።

አንዳንዶች «ሐኪሙ ጥቂት፥ መድኃኒቱ ጐደሎ በሆነበት አገር ቀጠሮን ማሳመር ምን ይጠቅማል? ቀጠሮ ሐኪም አይወልድም» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። በአገራችን ደንብ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ፥ አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ስለ ሆነ፥ ጫናው ምን ያህል እንደሚሆን ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ሀብቱ ጥቂት የሆነበት ሰው ከባለጸጋ ይልቅ ሒሳብ መያዝ ያስፈልገዋል። ከዚህም ሌላ ደኅና የተያዘ የቀጠሮ መዝገብ ጕድለቱን ራሱን ይመሰክራል። «ሐኪም አነሰን» ብሎ በደፈናው ከመጮኽ ይልቅ «በዚህ ወር ይህን ያህል ሰው ተመዝግቦ፥ ይህን ያህሉ ታይቶ፥ ይህን ያህሉ ወደ ወልድያ ተልኮ፥ ይህን ያህሉ ሳይታይ ተመለሰ» ብሎ ለጤና ቢሮ ማቅረብ ይሻላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፥ ጕድለቱን ያልቈጠረ ሆስፒታልም በጀት አይገኝለትም።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን ወደ ነጋዴዎች እንመለስ። ነገሩን ሳንሸፋፍን እንናገር፤ የበሽተኛው መጕላላት ከመካከላችን ለአንዳንዱ ገቢ ነው። በሽተኛ አንድ ሌሊት በጨመረ ቍጥር የአልጋ ቤቱ ባለቤት ይከፈለዋል፤ በተመላለሰ ቍጥርም ባለ መኪናው ይከፈለዋል። ነገር ግን ይህ ገቢ ከሌላው ነጋዴ ኪስ የወጣ መሆኑን እናስብ። ገበሬው ቀጠሮው ተሰርዞበት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ የጨረሰው ብር ጨው፥ ጨርቅ፥ ማረሻና ማዳበሪያ ሊገዛበት የነበረው ብር ነው። ከጦርነቱና ከጸጥታው መናጋት የተነሣ እንግዳ በራቀበት ዘመን የላሊበላ ገበያ የቆመው በላስታ ገበሬ ትከሻ መሆኑን ሁላችንም አይተናል። ገበሬውን የሚያደኸይ ጥቅም ለከተማው ዘላቂ ጥቅም አይሆንም።

ስለዚህ ምክር ቤቱና አባሎቹ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ አለ። በየገበያው ያሉት የቴሌብር ወኪል ሱቆች ለሰው ገንዘብ እንደሚልኩ ሁሉ፥ ሆስፒታሉ ቢፈቅድላቸው የቀጠሮ ምዝገባ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ግን ያለ አንዳች ክፍያ፥ የበሽታውንም ዓይነት ሳይጠይቁ፥ ስምና ቍጥር ብቻ በማስገባት። ክፍያ የጠየቀ ሱቅ ፈቃዱ የሚነሣበት ደንብ አስቀድሞ ይጻፍ። የመኪና ባለቤቶች ማኅበር የቀጠሮ መልእክት ላሳየ በሽተኛ ቦታ ቢያስቀድም፥ የአልጋ ቤት ባለቤቶችም ለበሽተኛና ለአስታማሚ የተወሰነ ዋጋ ቢያወጡ የሚከስሩት ጥቂት፥ የሚያተርፉት ስም ግን ብዙ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፥ ለሆስፒታሉ ብቻ ተትቶ የከበደው ሥራ ተከፋፍሎ ሲያዝ ይቀልላል።

የሆስፒታሉን ሹማምንትና የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት በአክብሮት የምንጠይቀው ይህ ነው፤ የኢንተርኔቱ ቀጠሮ ወደ ላስታ ሲመጣ፥ ከመከፈቱ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፥ የመድኅኑ አባሎች፥ የገጠር ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች በአንድነት ተቀምጠው ይምከሩበት። የሥራውም መልካምነት የሚመዘነው በመዝገቡ ላይ በተጻፉት ስሞች ብዛት እንዳይሆን። ከቤቱ ሌሊት የተነሣው ሰው በተባለበት ሰዓት ሐኪም አይቶት፥ መድኃኒቱን ይዞ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ የመልስ ጕዞውን ሊጀምር ከቻለ፥ ዕዳው ተከፍሏል።